የ«ሙንስቶን» አደራ በላ

የእንግሊዝ የቪክቶሪያ ዘመን የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ሲነሳ፣ «ክፉው ሰውዬ ማነው?» ብትሉ ብዙ ሰው ሞሪያርቲን ይጠራላችኋል። የሼርሎክ ሆምስ ባላጋራ፣ የሒሳብ ሊቁ። እንደ እኔ ከሆነ ሞሪያርቲ ስሙ ነው የገነነው። አርተር ኮናን ዶይል በ1893 ስለ ሆምስ መጻፍ ሰልችቶት ሊገላገለው ፈለገ። ለዚህ ደግሞ ከሆምስ ጋር ተናንቆ ገደል የሚገባ ሰው አስፈለገው። ሞሪያርቲ ለዚያች ሥራ ተፈጠረ። ማን እንደሚወደው፣ ብሩን ምን እንደሚያደርግበት፣ ሌሊት ምን እንቅልፍ እንደሚነሳው የምናውቀው ነገር የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ከእሱ በ25 ዓመት ስለሚቀድም ሌላ ሰው ነው። የዚህኛው ዕዳ በፓውንድ ተቆጥሮ፣ የመክፈያው ቀን ተጽፎ ቀርቦልናል። መልከ መልካም ነው። የሕግ ሰው ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበር ስብሰባ ያለ እሱ አይደምቅም። ሴቶች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። ጎድፍሬይ ኤብልዋይት ይባላል። ያለበት መጽሐፍ የዊልኪ ኮሊንስ «ሙንስቶን» ነው፤ የጨረቃ ድንጋይ እንደማለት።

(አዎ፣ ሌባውን ከመነሻው ተናገርኩት። መጽሐፉ ከወጣ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እስካሁን ያላነበበ ይቅር ይበለኝ። ደግሞ እመኑኝ፣ ሌባው ማን እንደሆነ አውቆ ሲያነቡት ይበልጥ ይጥማል። ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

«ሙንስቶን» ከጥር 4 እስከ ነሐሴ 8 ቀን 1868 ድረስ በየሳምንቱ የወጣ ተከታታይ ታሪክ ነበር። ያወጣው መጽሔት የቻርለስ ዲከንስ ነው። አልማዙ የት እንደገባ ሰው እስከመወራረድ ደርሶ ነበር ይባላል። ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ኋላ ላይ ከእንግሊዝ ዘመናዊ የምርመራ ልብወለዶች ፊት አውራሪ አድርጎታል። ከእሱ በኋላ የመጣው ነገር ብዙው እዚህ አለ፦ ገጠር ያለ ትልቅ ቤት፣ አንድ ሌሊት፣ የጠፋ ዕቃ፣ ሁሉም የሚጠረጠርበት ቤተሰብ፣ ከለንደን የሚመጣ ያልተለመደ ጠባይ ያለው መርማሪ። መርማሪው ሳጅን ካፍ ይባላል። ከሌባ ይልቅ ስለ ጽጌረዳ ማውራት ይወዳል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1799 እንግሊዞች ደቡብ ህንድ ውስጥ ሰሪንጋፓታም የሚባለውን የሱልጣን ቲፑን ከተማ ሰብረው ይገባሉ። በዘረፋው ግርግር ሄርንካስል የተባለ መኮንን ሰው ገድሎ አንድ ትልቅ ቢጫ አልማዝ ይወስዳል። አልማዙ የጨረቃ አምላክ ምስል ግንባር ላይ የነበረ ቅዱስ ድንጋይ ነው። ሦስት ብራህሚኖች፣ ማለትም የሂንዱ ካህናት፣ ከትውልድ ትውልድ እየተተካኩ የሚጠብቁት ነው። ሄርንካስል አገሩ ገብቶ ሲያረጅ የገዛ እህቱ በሯን ትዘጋበታለች። ሲሞት አልማዙን ለእህቱ ልጅ ለሬቸል ተናዞላት ይሞታል። ስጦታ ይሁን በቀል እስከ መጨረሻው አይታወቅም። ሬቸል 18 ዓመት በሞላት ቀን፣ ሰኔ 1848፣ አልማዙን ደረቷ ላይ አድርጋ እራት ትቀርባለች። ማታ ቁም ሳጥን ውስጥ ታኖረዋለች። ጠዋት የለም።

አሁን እስቲ ራሳችሁን የ1868 የእንግሊዝ አንባቢ አድርጉ። ማንን ትጠረጥራላችሁ?

መጀመሪያ ሦስቱን ህንዶች ነው። ምትሃት እናሳያለን ብለው በዚያው ቀን ግቢው ድረስ መጥተዋል። ፖሊስ ያስራቸዋል፤ ግን በተሰረቀበት ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበሩ ይረጋገጣል። ቀጥሎ የቤት ሠራተኛዋ ሮዛና አለች። ድሮ ሌባ ነበረች፣ ታስራ ወጥታለች፣ ትከሻዋ ጎባጣ ነው። ከዚያ ራሷ ሬቸል። ፖሊስ ሲያናግራት ትቆጣለች፣ ክፍሏ እንዳይፈተሽ ትከለክላለች። ሳጅን ካፍ ልጅቱ የደበቀችው ዕዳ አለባት፣ የራሷን አልማዝ ራሷ ሰርቃለች ይላል። ኋላ ደግሞ ኤዝራ ጄኒንግስ የሚባል የሐኪም ረዳት ይመጣል። ፊቱ የጠየመ፣ ፀጉሩ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ነጭ፣ አንድም ሰው የማይወደው። ገና ሲታይ «ይሄ ነው!» ያሰኛል።

ኮሊንስ የአንባቢውን ንቀት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ጠይሙን፣ ድሃዋን፣ እልኸኛዋን ልጅ፣ መልከ ጥፉውን በየተራ ያቀርብለታል፤ አንባቢውም በየተራ ይጠረጥራል። ጎድፍሬይ ግን እራት ገበታው ላይ ተቀምጦ ፈገግ ይላል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎድፍሬይ ጨርሶ ያልተጠረጠረ ሰው አይደለም። እንዲያውም መሀል ላይ ከተማው ሁሉ በስሙ ያማል። ሴፕቲመስ ሉከር የሚባል አራጣ አበዳሪና ጎድፍሬይ በአንድ ቀን ለንደን ውስጥ በህንዶቹ ተይዘው ልብሳቸው ተበርብሯል። ሰው ነጥቡን ይገጣጥማል፤ «አልማዙን ለአራጣ አበዳሪው ያስያዘው ይሄ ሰውዬ ነው!» ይላል። ሐሜቱ እውነት ነው! ኮሊንስ መልሱን መሀል መንገድ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጥሎታል። ከዚያ ሬቸል ተነስታ ጎድፍሬይ ንጹሕ መሆኑን በእርግጠኝነት አውቃለሁ ትላለች። አትዋሽም፤ መዋሸት አይሆንላትም፤ ይህንን አንባቢው አይቷል። ስለዚህ ጎድፍሬይን ከዝርዝሩ እንሰርዘዋለን። መግለጫዋን በጽሑፍ ስታዘጋጅለት ደግሞ ስሟ በአደባባይ እንዳይነሳ ብሎ ወረቀቱን እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። እንዴት ያለ ጨዋ!

ሬቸል ለምን እርግጠኛ ሆነች? አልማዙ ሲወሰድ በዓይኗ አይታለች። የወሰደው የምትወደው ሰው ፍራንክሊን ብሌክ ነው። በሌሊት ልብሱ ሻማ ይዞ ገባ፣ አነሳ፣ ወጣ። ዓመት ሙሉ ይህንን በሆዷ ይዛ ተቃጠለች።

ጠቅላላ እንቆቅልሹ በሁለት ግሦች መካከል ነው ያለው፦ «ወሰደ» እና «ሰረቀ»። ፍራንክሊን ወስዷል፤ አልሰረቀም። ሳያውቀው ኦፒየም አጠጥተውታል። ነገሩ የጀመረው እንደ ቀልድ ነው። ፍራንክሊን ሲጋራ በመተዉ እንቅልፍ አጥቷል። እራት ላይ ዶክተር ካንዲ መድኃኒት ውሰድ ይለዋል። ፍራንክሊን «የእናንተ ሕክምና በጨለማ መዳበስ ነው» ብሎ ያሾፍበታል። ሐኪሙ ይናደድና ትምህርት ልስጠው ብሎ ላውዳነም፣ ማለትም በአልኮል የሟሟ ኦፒየም፣ በድብቅ ያሰጠዋል። መጠጡ ውስጥ የጨመረለት ማን ነው? ጎድፍሬይ። በዚያች ሰዓት እንኳ ክፋት አላሰበም፤ ቀልዱን ነው የተባበረው። ፍራንክሊን ቀኑን ሙሉ አልማዙ ይሰረቃል ብሎ ሲጨነቅ ውሏል። ኦፒየሙ ያንን ጭንቀት ይዞት እያለ ከአልጋው አስነሳው። አልማዙን አነሳ፣ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ጎድፍሬይን አገኘው፣ እጁ ላይ አስቀመጠለት። ወደ አባትህ ባንክ መልሰህ አስገባልኝ፣ እዚህ አያስተማምንም አለው። ሄዶ ተኛ። ጠዋት ምንም አያስታውስም።

እንግዲህ አደራ አለው ማለት ነው። ጎድፍሬይም ተቀበለ።

በእንግሊዝኛ ስለዚህ መጽሐፍ የተጻፈ ብዙ ነገር አለ። እኛ ግን ለዚህ ሰው የሚሆን ስም በአፋችን ላይ አለን፤ አደራ በላ። ሌባ ማለት ይቀለዋል። ሌባ ካላመነው ሰው ቤት ነው የሚገባው። ሌሊት ይመጣል፣ በር ይሰብራል፣ ውሻ ይጮህበታል። አደራ በላ በር አይሰብርም፤ በሩ ተከፍቶለት፣ ወንበር ተስቦለት ነው የሚቀመጠው። ሕጋችንም ለይቶ «እምነት ማጉደል» ይለዋል። ጎድፍሬይ ደግሞ አልማዙ የመጀመሪያው የበላው አደራ አይደለም።

እዚህ ላይ የእንግሊዝን ሕግ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ አንባቢ ዘሎት የሚያልፈው ክፍል ነው፤ እኔ ግን የመጽሐፉ እምብርት ይህ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ሀብታም ሰው ሲሞት ትልቅ ገንዘብ ለልጅ በቀጥታ አይተውም። ልጁ 21 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ባለአደራዎች በስማቸው ይይዙለታል። በወረቀት ገንዘቡ የእነሱ ነው፤ በእውነት የልጁ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው የሚሾመው አንዱ አንዱን እንዲጠብቅ ነው። ገንዘቡ በመንግሥት የዕዳ ሰነድ ላይ ይቀመጣል፣ በየስድስት ወሩ ወለድ ይመጣል፣ ልጁ በዚያ ይኖራል።

ጎድፍሬይ የ20,000 ፓውንድ ባለአደራ ነው። ለልጁ በዓመት 600 ፓውንድ ይከፈለዋል፤ ግማሹ በገና፣ ግማሹ በሰኔ መጨረሻ። (ስሌቱን ሥሩት፤ 3 በመቶ ይመጣል። የዘመኑ የመንግሥት ሰነድ ይከፍለው የነበረው ወለድ እሱ ነው። ኮሊንስ የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው ስለሆነ ቁጥር በዘፈቀደ አይወረውርም።) ችግሩ ምንድነው? 20,000ው የለም። ጎድፍሬይ የሁለተኛውን ባለአደራ ፊርማ በውክልና ወረቀት ላይ አስመስሎ እየፈረመ፣ ሰነዱን እየቆረሰ ሸጦ፣ እስከ 1847 መጨረሻ ድረስ ጨርሶታል። ከከተማ ወጣ ብሎ ማንም የማያውቀው ቤት አለው። ሥዕሎች፣ ሠረገላዎች፣ ፈረሶች፣ ጌጣጌጥ፣ አንዲት ውሽማ። ቀን የምጽዋት ሰብሳቢ፣ ማታ እዚያ።

ወለዱን ግን መክፈል አለበት። ካልከፈለ ልጁ ይጠይቃል፣ ከጠየቀ ሁሉም ይፈርሳል። ዕቁብ ሰብሳቢ ብሩን አጥፍቶ፣ ባለተራው እንዳያውቅበት ከዚህም ከዚያም ተበድሮ እንደሚከፍለው ዓይነት ነው። እየከፈለ ጊዜ ይገዛል። እና በልደቱ ዋዜማ አባቱን 300 ፓውንድ አበድረኝ ይለዋል። አባት ባለባንክ ነው፤ ሽራፊ ሳንቲም አልሰጥም ይላል። የልደቱ ዕለት ጎድፍሬይ ለሬቸል የጋብቻ ጥያቄ ያቀርባል። የልጅቷን ሀብት አስቦ ነው። እምቢ ትለዋለች። ወለዱ ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል። በዚያው ሌሊት አንድ በኦፒየም የሰከረ ሰው መጥቶ አልማዝ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል።

በዚህ ቦታ ላይ ጎድፍሬይን አዝኜለት አውቃለሁ። ለአንድ ገጽ ያህል ብቻ። ሊሰርቅ አልተነሳም እኮ። ጠዋት ፍራንክሊን አንድ ቃል ቢጠይቀው ኖሮ ይመልስ ነበር። ዝም ብሎ ፊቱን አየው። ፍራንክሊን ምንም አላስታወሰም። ክፋቱ ያለው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሮዛና በዚህ ጉዳይ ራሷን አጥፍታ አሸዋ ሲውጣት ዝም፤ ሬቸል ስትጠረጠር ዝም፤ ፍራንክሊን በፍቅረኛው ተጠልቶ አገር ጥሎ ሲሄድ ዝም። ከዚያ ደግሞ አልማዙን ይዞ ሉከር ጋ ይሄዳል። ሉከር 2,000 ፓውንድ ያበድረዋል። በዓመቱ 3,000 ከፍሎ መያዣውን ማውጣት አለበት፤ ካልከፈለ አልማዙ የሉከር ይሆናል። የአራጣው መጠን ራሱ ወንጀል አይመስልም?

አንዲት ነገር ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። ጎድፍሬይ ካሉበት ማኅበራት አንዱ ሥራው ምን መሰላችሁ፤ ሰካራም አባቶች ለመጠጥ ብለው መያዣ ያስያዟቸውን ሱሪዎች እየገዛ ማውጣትና ለልጆቻቸው አሳጥሮ ማስፋት ነው። የሌላውን ሱሪ ከመያዣ የሚያወጣ ሰው የሰው አልማዝ መያዣ አስገብቶ ተቀምጧል። ኮሊንስ ይህንን አንድም ቃል ሳያብራራ አልፎታል። ሳቁን ለእኛ ተወው።

የሚገርመው ሕጉ ነው። ታሪኩ በሚካሄድበት በ1848 ባለአደራ የአደራ ገንዘብ ቢበላ እንደ ወንጀለኛ አይከሰስም ነበር ማለት ይቻላል። ልጁ ፍርድ ቤት ሄዶ ገንዘቤን ይመልስልኝ ሊል ይችላል፤ የሚመለስ ነገር ካለ ነው እንግዲህ። ፊርማ አስመስሎ መፈረም ግን ከባድ ወንጀል ነበር። ባለአደራን ስለማጉደሉ ብቻ በወንጀል የሚቀጣ ሕግ የወጣው በ1857 ነው። ከዚያ በፊት አገሩን ያናወጡ ቅሌቶች ነበሩ። በ1855 ስትራሃን፣ ፖል ኤንድ ቤትስ የተባለው የለንደን ባንክ ከሰረ። ባለቤቶቹ የደንበኞችን ሰነድ ሸጠው እንደነበር ታወቀ፤ ሦስቱም የ14 ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። አንደኛው፣ ሰር ጆን ዲን ፖል፣ በሃይማኖተኛነቱ የታወቀ ሰው ነበር። ስለዚህ የ1868 አንባቢ ጎድፍሬይን ሲያነብ ተረት አላነበበም። ጋዜጣ ላይ የሚያውቀውን ሰው ነው ያገኘው።

ቤቱ ውስጥ ያለው ምርመራም ከጋዜጣ የመጣ ነው። በ1860 ዊልትሸር ውስጥ በሮድ ሂል ሃውስ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን ተገድሎ ተገኘ። ከስኮትላንድ ያርድ፣ ማለትም ከለንደን ፖሊስ፣ የመጣው መርማሪ ጃክ ዊቸር የጠፋች አንዲት የሌሊት ልብስ ተከትሎ የ16 ዓመቷን የሟች ታላቅ እህት፣ ኮንስታንስ ኬንትን፣ ጠረጠረ። አገር ተነሳበት። ተራ ፖሊስ የጨዋ ቤተሰብ ልጅን የልብስ መሳቢያ ይበረብራል? ዊቸር ተዋርዶ ተመለሰ። በ1865 ልጅቷ ራሷ አመነች። ኮሊንስ ይህንን ወስዶ የሌሊት ልብሷን የወንድ፣ የፍራንክሊን፣ አደረጋት፣ የደም እድፉን የበር ቀለም አደረገው። ሳጅን ካፍ ግን ከዊቸር በተቃራኒ ተሳስቷል፤ ሬቸልን መጠርጠሩ ስህተት ነበር። ታላቁ መርማሪ መሀል መጽሐፍ ላይ ተሳስቶ ጡረታ ወጥቶ ጽጌረዳው ጋ ይሄዳል።

ታዲያ እውነቱ እንዴት ወጣ? መልከ ጥፉው ኤዝራ ጄኒንግስ ነው ያወጣው። ዶክተር ካንዲ ከእራቱ ሲመለስ ዝናብ መትቶት ታሞ አእምሮው ተጎድቷል፤ ቀልዱን ለማንም ሳይናገር ረስቶታል። ኤዝራ ሐኪሙ በትኩሳት ሲቃዥ የተናገራትን እየገጣጠመ ምስጢሩን አገኘ። ከዚያ ፍራንክሊንን እዚያው ቤት አምጥቶ፣ ኦፒየም አጠጥቶ፣ ምስክር አስቀምጦ፣ ምን እንደሚያደርግ ያዩታል። ፍራንክሊን ተነስቶ ይሄዳል፤ የውሸቱን ድንጋይ ከዚያው ቁም ሳጥን ያነሳል። ስለ ሌባሻይ የሰማ ኢትዮጵያዊ እዚህ ቦታ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የእኛ አባቶች ልጅ አጠጥተው፣ በመቀነት ይዘው፣ ሰክሮ የገባበትን ቤት ሌባ ይሉ ነበር። ልዩነቱ እዚህ የጠጣው ራሱ ተጠርጣሪው መሆኑ ነው። ንጹሕ መሆኑን ያረጋገጠለትም መጠጡ ነው።

የኦፒየሙ ነገር ለኮሊንስ ሩቅ አልነበረም። መጽሐፉን ሲጽፍ በሪህ ይሰቃይ ነበር፤ ላውዳነም እየጠጣ ነው የጻፈው። በዚያን ጊዜ ኦፒየም እንደ ቅመም በየሱቁ ይሸጣል። ሽያጩን ለመጀመሪያ ጊዜ የገደበው ሕግ የወጣው፣ እንደ አጋጣሚ፣ በዚያው በ1868 ክረምት ነው።

ወደ ጎድፍሬይ ልመለስ። ዓመቱ ሲደርስ 3,000 ፓውንዱ ይገኛል፤ አንዲት አሮጊት አድናቂው በሞቱ ጊዜ 5,000 ተናዘውለታል። አልማዙን ያወጣል። ሐሳቡ አምስተርዳም ወስዶ አስቆርጦ መሸጥ ነው። እንዳይታወቅ መርከበኛ መስሎ፣ ፊቱን በቀለም አጥቁሮ፣ ጥቁር ጢም ለጥፎ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ አንዲት ርካሽ ማደሪያ ይገባል። ጠዋት በሩ አልከፈት ሲል ይሰብሩታል። መርከበኛው በትራስ ታፍኖ ሞቷል። የአልማዙ ሳጥን ባዶ ነው። ህንዶቹ ደርሰውበታል።

እዚህ ላይ ያለው ትዕይንት ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ነው። ሳጅን ካፍ ጢሙን ይነቅላል፣ ሰው ሠራሽ ፀጉሩን ያነሳል፣ የሟቹን ፊት ያጥባል። ጥቁሩ ቀለም ሲለቅ ከሥሩ ነጭ ፊት ይወጣል። መጽሐፉ ሙሉ ሁሉም ጠይም ፊት ያለው ሌባ ሲፈልግ ነበር። ተገኘ። ታጥቦ ታየ። «ኤብልዋይት» ከሚለው ስም ኋለኛው ክፍል «ነጭ» ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ?

ጎድፍሬይ ግን አልማዙን የበላ የመጀመሪያው ሰው አይደለም። ከእሱ በፊት ሄርንካስል አለ። ጎድፍሬይን ፍጹም አደራ በላ የምንለው ከሆነ ድንጋዩን ከጠባቂዎቹ እጅ በደም የነጠቀውን ምን እንበለው? የእህቱ ቤተሰብ በር ዘጋበት እንጂ አልማዙን ለባለቤቶቹ እንመልስ ያለ ሰው አንድም የለም። ሁሉም «የሬቸል አልማዝ» ነው የሚሉት። «ተሰረቀ» የሚለውን ቃል የተጠቀሙት በ1848 ነው እንጂ በ1799 አይደለም።

አሁን ቀኑን አስቡት። ይህ ታሪክ በየሳምንቱ ሲወጣ፣ ከጥር እስከ ነሐሴ 1868፣ ከቦምቤይ የተነሳው የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይገሰግስ ነበር። ሚያዝያ 13 ቀን አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ፤ አምባው ተዘረፈ። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ (ከሼርሎክ ጋር ዝምድና የለውም) እዚያው ቆሞ የብራና መጻሕፍት ይገዛ ነበር። ኮሊንስ ስለ መቅደላ አልጻፈም። የሚያስበው ህንድን ነው፤ ከእንግሊዝ ንግሥት እጅ የገባውን ኮሂኑር የተባለ የህንድ አልማዝ በመግቢያው ላይ ራሱ ያነሳዋል። ግን ለንደን ቁጭ ብሎ ስለተዘረፈው አልማዝ የሚያነብ ሰው በዚያው ሳምንት ጋዜጣ ላይ የመቅደላን ዜና ያነብ ነበር። ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ብትሄዱ የሱልጣን ቲፑን የእንጨት ነብር ታያላችሁ፤ የመቅደላው የወርቅ ዘውድም የዚያው ቤት ንብረት ነው። በብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦታት ማንም በማያያቸው ክፍል ተቀምጠዋል።

ሦስቱ ህንዶች ግን የመጽሐፉ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ ይህንን መደበቅ አይቻልም። ጎድፍሬይን በትራስ አፍነው ገድለዋል። ኮሊንስ ግን በ1857ቱ የህንድ አመፅ የተነሳ የእንግሊዝ ቁጣ ገና ባልበረደበት ጊዜ፣ እነዚህን ሰዎች ለገመድ አላቀረበም። መርከባቸው ቦምቤይ ሳይገባ ያመልጣሉ። የእንግሊዝ ፖሊስ ባዶ እጁን ይቀራል።

የመጨረሻው ትዕይንት ሶምናት የሚባል የህንድ ቦታ ነው። ሌሊት ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ወጥታለች፤ ሕዝቡ ተራራውን ሞልቶታል። የጨረቃው አምላክ ምስል ላይ ያለው መጋረጃ ይከፈታል፤ ቢጫው ድንጋይ ግንባሩ ላይ ነው። ሦስቱ ሰዎች ድንጋዩን ለማስመለስ ብለው ባሕር ተሻግረዋል፣ ምትሃተኛ መስለው ለምነዋል። በዚህም ካስት የሚባለውን የትውልድ ማዕረጋቸውን አጥተዋል። ቅጣታቸው መንከራተት ነው። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በሦስት የተለያየ አቅጣጫ፣ ከቅዱስ ቦታ ቅዱስ ቦታ ይሄዳል። ዳግመኛ አይተያዩም። ተቃቅፈው ይሰነባበታሉ። ሕዝቡ ዝም ብሎ መንገድ ይለቅላቸዋል።